አጥንት ነሽ ድንጋይ?

አምናችሁም ባታምኑም ይህ ነገር ሆኗል።

ሌሊት አልነበረም። በሩሲንጋ ደሴት፣ በነሐሴ ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀትር ድረስ በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነው።

ከልጄ ሌላ ነገሩን በዓይናችን ያየን ሁለት ሰዎች ነን። አንዱ ስለዚያ ቀን ሲጠየቅ ተነስቶ ይሄዳል። ሌላዋ እኔ ነኝ።

ጠዋቱ እንደ ማንኛውም ጠዋት ነበር።

ተነሳሁ። እሳት አያያዝኩ። የማሽላ አጥሚት ጣድኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ አዊቲ ቢጫዋን ጄሪካን ይዛ ወደ ሐይቁ ወረደች። እኔ ደግሞ ጣት የማታህለውን ትንሿን ዓሣ፣ ኦሜናን፣ ፀሐይ እንዲመታት መረቡ ላይ ለመዘርጋት ቅርጫቴን አነሳሁ።

አማቴ ማማ ፔኒና እንደ ልማዳቸው ከደጃፋቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ጆሯቸው ግን የዶሮ እርምጃ ይለያል።

"አንቺ የኡዮማ ልጅ" አሉኝ። "ዛሬም አላየሽውም?"

ኡዮማ ከሐይቁ ማዶ ያለ የትውልድ መንደሬ ነው። እዚህ ተድራ የመጣች ሴት በአገሯ ትጠራለች። በስሜ የሚጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

"አላየሁትም እማማ።"

"ባሏን በሕልሟ ያላየች ሴት ገና አልተለቀቀችም።"

በየጠዋቱ ይጠይቁኛል። በየጠዋቱ ያንኑ እመልሳለሁ።

ባሌ ኦቦንዮ ቅሪተ አካል ፈላጊ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሙዚየም ቡድን ጋር በሂዌጊ ኮረብታ ሥር ባሉት ሸለቆዎች በጉልበቱ ዳኸ። ሥራቸው እንዲህ ነው። በአንድ መስመር ትከሻ ለትከሻ ይንበረከኩና ፊታቸውን ወደ መሬት ደፍተው እየዳሁ ይሄዳሉ። የተጠራጠሩትን ቁራጭ አንስተው በምላሳቸው ይነኩታል። ድንጋይ ከሆነ ምላስ ይንሸራተታል። የጥንት አጥንት ከሆነ ግን ምላስን ይይዛል።

ከሥራ ሲገባ የአዊቲን ግራ ክርን ይይዝና የምላሱን ጫፍ ያሳርፍበታል።

"አጥንት ነሽ ድንጋይ?"

"አጥንት።"

"ኧረ ያዘኝ፣ ልቀቂኝ" ይላል ምላሱ የተጣበቀ አስመስሎ። እሷ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

በሚያዝያ ዝናብ ጀልባው ተገለበጠ። ስለዚያ ሳምንት አልጽፍም። አስከሬኑ አልተገኘም።

በእኛ ዘንድ ሐይቅ የበላው ሰው ያለ መቃብር አይቀርም። የያጎ ዛፍ ፍሬ በእሱ ፈንታ ይቀበራል። ፍሬው ክንድ ያህላል፣ ይከብዳል። ይገነዛል፣ ይለቀስለታል፣ በሟቹ ስም ይጠራል። "ይኸው ቤትህ፣ ይቺ ሚስትህ፣ ይቺ ልጅህ፣ ከእንግዲህ አትንከራተት" ይባላል።

እኔ ፍሬ መቅበር አልቻልኩም።

ኦቦንዮ ከመሞቱ ከሁለት ቀን በፊት አንድ ነገር አግኝቶ ነበር። ዝናቡ አፈሩን ሲያጥበው ብቅ ያለ ግማሽ መንጋጋ ነው። "ይሄ ከአንበሳም ከጅብም በፊት አገሩን የገዛ ነው" አለኝ። ሊቃውንቱ ጅብንና ድመትን ያጣመረ ስም አውጥተውለታል። አውሬው ግን ጅብም ድመትም አይደለም። ዘር ሳይተካ አልቋል። ቡድኑ ሲመጣ ሊያስረክበው በጀሶ ጠቀለለው፤ በላዩ ላይ ሰማያዊ ሸሚዙን አስሮ ከአልጋችን ሥር አስቀመጠው።

እጁ አጥብቆ የያዘው የመጨረሻ ነገር እሱ ነበር።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት ከሣጥኑ ጋር ለጥቂት ደቂቃ ብቻዬን ተውኝ። ያጎውን አወጣሁ። መንጋጋውን ከነሸሚዙ አስገባሁ። ያጎውን ጎተራ ውስጥ ደበቅኩት። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሥነ ሕይወት ነው። አጥንት አጥንት ነው፣ ፍሬ ፍሬ ነው፤ በዚህ ማንም አይጎዳም ብዬ ነበር።

ሣጥኑን ሲያነሱ የኦቦንዮ ታናሽ ወንድም ዛካዮ አቃሰተ።

"ወንድሜ ፍሬ ሆኖ እንኳ ሰው ያስቸግራል" አለ። ሰዎች እያለቀሱ ሳቁ።

ከዚያ በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው በስሙ ጠሩት። ይኸው ቤትህ አሉት። ይቺ ሚስትህ። ይቺ ልጅህ።

አንድ በአንድ ነገሩት።

ወደዚያ ማክሰኞ ልመለስ።

ቅርጫቴን ይዤ መረቡ ጋ ስደርስ ትናንት የተዘረጋው ኦሜና ተረግጧል። አልተበላም። ተረግጦ ብቻ ታልፏል።

እርጥቡ አፈር ላይ ዱካ አለ።

ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ። አምስት ጣት።

ደግሜ ቆጠርኩ። የውሻ ዱካ አራት ጣት ነው። የጅብም አራት ነው፤ ደግሞም ደሴታችን ላይ ጅብ የለም። አዞ እንዳልል መዳፉ ሰፊና ትራስ ያለው ነው። የእኔ ሁለት እጅ ተዘርግቶ ነው የሚሸፍነው።

የመጣበትን ልይ ብዬ ወደ ኋላ ተከተልኩት።

ከሐይቁ አይደለም የመጣው። ከግቢው በርም አይደለም።

ዱካው የሚጀምረው ከቤቴ በስተቀኝ ካለው የኦቦንዮ መቃብር ነው። ከመቃብሩ የሚወጣ ዱካ አለ። ወደ መቃብሩ የሚሄድ ግን የለም።

አፈሩ አልተነካም። ድንጋዮቹ እንደነበሩ ናቸው።

ውሻችን መቃብሩ አጠገብ በሆዱ ተኝቷል። ዓይኑን ጨፍኗል። ጭራው ግን መሬቱን ቀስ እያለ ይመታል... ኦቦንዮ ከሥራ ሲመለስ እንደሚያደርገው።

"ና" አልኩት። አልመጣም።

ወደ ማማ ፔኒና ሄድኩ።

"እማማ፣ ዛሬ ጠዋት ሰው መጥቶ ነበር?"

"ኦቦንዮ ነዋ።"

ቅርጫቴን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

"ሰላም ብለው አልመለሰልኝም" አሉ። "መጣና ራሱን ጭኔ ላይ አደረገ። እንደ ልጅነቱ። ጀሶ ጀሶ ይሸታል። ከሥራ ነው የመጣው።"

"እማማ..."

"ራሱ ከብዷል።" በእጃቸው ስፋቱን አሳዩኝ። የበሬ ራስ ያህል ነበር። "አንቺ ምን ስታበዪው ነው እንዲህ የሆነው?"

ቀሚሳቸው ጭናቸው ላይ ነጭ ዱቄት ነበረበት። ዱቄቱ መሐል ረጥቧል።

በዚህ መሐል ዛካዮ በግቢው በር ገባ። አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ይዟል።

"ሚስቴ" አለኝ። ይህ ቀልዳችን ነው። በልማዱ የወንድሙን ሚስት መውረስ ያለበት እሱ ነው። እሱ አልፈለገም፣ እኔም አልፈለግኩም፤ ስለዚህ እንቀልድበታለን።

"አንተን ከማግባት ጉማሬ ማግባት ይሻላል" አልኩት እንደ ወትሮው።

አልሳቀም።

ጆንያውን መሬት ላይ ዘረገፈው። የፍየል እግር ነው። ከነታፋው።

"የእኔ ናት" አለ። "ያቺ የቤተ ክርስቲያን አበባ የምትበላው። ሳያስጮሃት በልቶ... ይሄን ብቻ አስቀርቶልኛል።"

ዛካዮም ቅሪተ አካል ፈላጊ ነው። ከኦቦንዮ ጎን አሥራ አምስት ዓመት ድኋል። አጥንት ሲያይ ድምፁ ይለወጣል፤ አሁን ተለውጧል።

"የተቆረጠበትን እዪ።"

አየሁ። ንጹሕ ነው። በቢላ እንደተቆረጠ።

"ጅብ በየጎኑ አንድ ቆራጭ ጥርስ ነው ያለው" አለ። "አንበሳም አንድ። ውሻም አንድ። አጥንቱ ላይ የስንት ጥርስ ምልክት አለ?"

ሦስት ነበር። አንዱ ከአንዱ ኋላ። በአንድ ንክሻ።

"እንዲህ የሚቆርጥ እንስሳ እኔ አንድ ብቻ አውቃለሁ" አለ። "እሱንም በሕይወት ያየው ሰው የለም። ሰው ራሱ ገና አልነበረም።"

"ዛካዮ..."

"ሣጥኑ ከባድ ነበር።" በሹክሹክታ ነበር የሚናገረው። "አራት ወር አልጠየቅኩሽም። ሐዘንተኛ ናት ብዬ። ሸለቆው ውስጥ ኦቦንዮ ድንጋይ ቆልሎ ምልክት ያደረገበት ቦታ አለ። አንድ ነገር አግኝቷል ማለት ነው። ከቁልሉ ሥር ቆፈርኩ፤ ባዶ ነው። ያገኘው ነገር የት ነው?"

ዓይኔ ወደ መቃብሩ ሄደ።

ዓይኔን ተከትሎ ወደ መቃብሩ ተመለከተ።

"አንቺ የተማርሽ ሴት ነሽ" አለ በመጨረሻ። "ለፍሬ የሚባለውን ለአውሬ አስባልሽን።"

አዊቲ ከሐይቁ ተመለሰች። ጄሪካኑን በቀኝ እጇ ነው የያዘችው። ሁልጊዜ በግራ ነበር የምትይዘው።

"እጅሽን አሳዪኝ።"

አሳየችኝ። የግራ ክርኗ ቆዳ ተፍቆ ቀልቷል። በሞረድ የታሸ ይመስላል።

"ማን ነው?"

"አባባ ነው።"

ዛካዮ ፊቱን አዞረ።

"የት?" አልኳት።

"ሐይቁ ዳር። ውሃ ስቀዳ ከኋላዬ መጣ። አትዙሪ አለኝ። አጥንት ነሽ ድንጋይ አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ሳቄ መጣና አልመለስኩለትም።" ክርኗን አሸት አደረገች። "ምላሱ ግን ይሻክራል፣ እማ። ድሮ እንዲህ አልነበረም።"

"ከዚያስ?"

"የሥራ ቦታ እጠብቅሻለሁ አለ።"

አዊቲ ማለት የተጣለች ማለት ነው። ከእሷ በፊት ሁለት ልጆች ሞተውብኛል። እሷ ስትወለድ መንገድ ዳር አስቀመጥናትና ማማ ፔኒና እንደ ባዳ ልጅ አንስተው አመጧት። ሞት የእኔ መሆኗን እንዳያውቅ። ዘጠኝ ዓመት አላወቀም።

እኔ ግን የማላውቀውን ነገር በጉድጓድ አፍ አስቁሜ ይቺ ልጅህ አስባልኩት።

"ያጎው የት አለ?" አለኝ ዛካዮ።

"ጎተራ ውስጥ።"

"እናውጣው። አሁኑኑ መቃብሩን እንክፈት። ያንን እናውጣ፣ ፍሬውን እናስገባ። ሽማግሌ የሚጠራ የለም። የሚሰማም የለም።"

አዊቲን ከአያቷ ጎን አስቀመጥኳት። "ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ" አልኳት። ጎተራው አሥር እርምጃ አይርቅም። ዛካዮ ክዳኑን ከፍ አደረገ፤ እኔ እጄን ሰድጄ ያጎውን ጎተትኩ። ደርቋል፣ ግን አልተበላሸም። ከአንድ እስከ መቶ ብትቆጥሩ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ነው የወሰደብን።

ስንዞር ጄሪካኑ ቆሟል። አዊቲ የለችም።

"እማማ፣ ልጅቷስ?"

"አባቷ ጠራት" አሉ ማማ ፔኒና። "አባቷ ሲጠራት ልከልክላት?"

ያጎውን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ።

እስከ ሸለቆው የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። በስንት እንደደረስን አላውቅም። አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ነፋስ የለም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ነጩ አፈር ዓይን ያጭበረብራል። ወፍ እንኳ አልሰማሁም።

ሸለቆው አፍ ላይ የአዊቲ ጫማ ተቀምጧል። ጎን ለጎን፣ በሥርዓት። ፈላጊዎቹ ሥራ ሲጀምሩ እንደሚያስቀምጡት።

ከዚያ ወዲያ አፈሩ ላይ ያለው የእግር ዱካ አይደለም። የጉልበትና የመዳፍ ነው። እየዳኸች ነው የሄደችው።

ከጎኗ... ትከሻ ለትከሻ... ሌላ ዱካ አለ።

አምስት ጣት።

"አብረው እየፈለጉ ነው" አለ ዛካዮ በሹክሹክታ።

"ምን?"

ዱካውን ተከትሎ ቀደመኝ።

ከሸለቆው መጨረሻ፣ ኦቦንዮ ከቆለላቸው ድንጋዮች አጠገብ አገኘናት። ተንበርክካለች። ፊቷን ወደ መሬት ደፍታለች። ግራ ክንዷ ግን ወደ ጎን ተዘርግቷል። ከጎኗ አንድ ትልቅ ነጭ ድንጋይ አለ። ክርኗ ድንጋዩን ነክቷል።

ያንን ሸለቆ አውቀዋለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ምሳ ይዤ ተመላልሼበታለሁ።

እዚያ ቦታ እንዲህ ያለ ትልቅ ድንጋይ የለም።

ልሮጥ ስል ዛካዮ ክንዴን ያዘኝ።

"ቁሚ" አለ። "እዪው።"

ድንጋዩ ተነፈሰ።

አንድ ጊዜ። በጣም በዝግታ... ከዚያ ዝም አለ።

ሙሉውን አላየሁትም። ያየሁትን ብቻ ልጻፍ። ራሱ ለአካሉ ከልክ በላይ ትልቅ ነው። ጀሶ የተለሰነ ይመስላል። ጀሶው ተሰነጣጥቋል። በስንጥቁ ውስጥ ሰማያዊ ክር ይታያል። የአዊቲ ክንድ እስከ ክርኗ አፉ ውስጥ ነው።

"አዊቲ" አልኩ ቀስ ብዬ።

"አቤት እማ። ሥራ ላይ ነን።"

"ተነሺና ወደ እኔ ነይ።"

"አባባ ጥያቄ ጠይቆኛል። ገና አልመለስኩም።"

ያን ጊዜ ነው የጠራኝ።

"አፖንዲ።"

ስሜ ነው።

ከሚያዝያ ወዲህ ማንም በስሜ አልጠራኝም ነበር። ድምፁ የኦቦንዮ ነው። ሲደክመው እንደሚያደርገው መጨረሻዋን ዋጥ አድርጎ፣ በግማሽ ፈገግታ...

አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄድኩ። ዛካዮ ባይዘኝ ሁለተኛውንም እሄድ ነበር።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ልጄ ክንዷን በዚያ ነገር አፍ ውስጥ አድርጋ፣ እኔ ስሜን ደግሞ እንዲጠራው ቆሜ ጠበቅኩ።

ደግሞ አልጠራውም። አዊቲን ነው ያናገረው።

"አጥንት ነሽ ድንጋይ?"

አዊቲ አፏን ከፈተች።

"አትመልሺ" አልኩ።

ዘወር ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ፍርሃት የለም።

ያንን ነገር አየሁት። ዓይን ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ ዓይን ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ አየሁ።

"ስሜን ከእኛ ቤት ነው የሰማኸው" አልኩት። "ቤትህ ነው ያልንህ እኛ ነን። ሣጥን ውስጥ ያስገባሁህ እኔ ነኝ። ውሸቴን ነበር።"

ጀሶው ተንቀጫቀጨ።

"ሚስት የለህም። ልጅ የለህም። ደጃፌ ላይ ያለው ጉድጓድ ያንተ አይደለም። ባሌ ሐይቁ ውስጥ ነው።"

የዛካዮን እጅ ከክንዴ ላይ አነሳሁ።

"ባሌ ሞቷል።"

ያን ቃል እስከዚያ ሰዓት ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር።

ከመሬት ውስጥ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ጥርስ ነው። ሲከፈትና ሲገጥም። ገጭ... ገጭ... ገጭ። ሦስት ጊዜ።

ከዚያ ጥያቄውን ደገመው። አሁን ግን በኦቦንዮ ድምፅ አልነበረም። በማንም ድምፅ አልነበረም።

"አጥንት ነሽ ድንጋይ?"

"እማ" አለች አዊቲ በሹክሹክታ። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። "አባባ አይደለም።"

"አይደለም።"

"መልሱ ግን አጥንት ነው።"

"ድንጋይ በዪ።"

"ውሸት ነው እኮ።"

"ዋሺ፣ ልጄ። ድንጋይ በዪው።"

ዛካዮ ዓይኑን ጨፍኖ የሆነ ነገር ያነበንባል። እኔ የአዊቲን ከንፈር ብቻ ነበር የማየው።

"ድንጋይ" አለች።

ጸጥ አለ።

ያ ነገር እያሰበበት እንደሆነ ተሰማኝ... እያመዛዘነ።

ከዚያ ነጭ አቧራ ተነሳ። ነፋስ ሳይኖር። ዓይኔን ጠርጌ ስመለከት ድንጋዩ የለም። ዱካው አለ፤ ግን ወደየትም አይሄድም። እዚያው ያበቃል።

የአዊቲ ክንድ ወደ መሬት ወደቀ። ተነሳች። ጉልበቷን አራገፈች።

"እማ፣ አጥሚቱ ቀዝቅዞ ይሆን?" አለችኝ።

መቃብሩን በዚያው ቀትር ከፈትነው። ዛካዮ በዶማ፣ እኔ በአካፋ። ማማ ፔኒና ድምፁን ሰሙ።

"ማንን ነው የምትቀብሩት?"

"ወንድሜን ነው፣ እማማ" አለ ዛካዮ። "በመጀመሪያው አልያዘልንም።"



የሣጥኑ ሚስማሮች እንዳሉ ነበሩ። የመታቸው ራሱ ዛካዮ ነው፤ አንድ በአንድ ነቀላቸው። ውስጡ ሰማያዊው ሸሚዝ ብቻ አለ። ቁልፎቹ እስከ አንገት ተቆልፈዋል። ሸሚዙ ውስጥ ጀሶው ለሁለት ተከፍሎ ተጋድሟል፤ እንደተፈለፈለ እንቁላል።

መንጋጋው የለም።

ያጎውን በሸሚዙ ጠቅልዬ አስገባሁት። ዛካዮ ባርኔጣውን አወለቀ። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

"ይኸው ቤትህ" አልኩ። "ይቺ ሚስትህ።"

የቀረውን አልተናገርኩም።

በማግስቱ ማማ ፔኒና "አየሽው?" አሉኝ። "አየሁት" አልኳቸው። ስለ ሕልሙ አልጽፍም። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ፍየል አልጠፋም። ኦሜናው አልተረገጠም። ውሻው ከመቃብሩ ተነስቶ ወደ ደጃፉ ተመለሰ። ዛካዮ ከሙዚየሙ ቡድን ለቆ ሞተር ሳይክል ይነዳል።

ሦስት ሳምንት አለፈ።

አንድ ጠዋት አዊቲ ሁለት ጄሪካን ይዛ ከሐይቁ ስትወጣ አየሁ። ሙሉዎቹን። ሁለቱንም በግራ እጇ።

"አይከብድሽም?"

"ይሄኛው እጄ አይደክመውም" አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ከማንጎ ዛፍ ወደቀች። በግራ ክንዷ ነው ያረፈችው። አላለቀሰችም። ያረፈችበት ድንጋይ ተሰንጥቋል።

ማዶ ወዳለው ሆስፒታል ወሰድኳት። የራጅ ባለሙያው ጨዋ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ጊዜ አነሷት። ይቅርታ ብለው ደገሙ። ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ወስደው በሌላ ማሽን ሦስተኛ አነሷት። ሦስቱንም ፎቶ መስኮቱ ላይ ደርድረው ቆሙ።

"ጣቷን ታንቀሳቅሳለች?" አሉኝ።

"ታንቀሳቅሳለች።"

"ያማታል?"

"አያማትም።"

ፎቶዎቹን በፖስታ አድርገው ሰጡኝ።

ስንመለስ አዊቲ ትከሻዬ ላይ አንቀላፋች። እጅጌዋን ሰብስቤ ክርኗን አየሁ። ቁስሉ ድኗል። ማንም እንደማያየኝ አረጋግጬ ጎንበስ አልኩ። የምላሴን ጫፍ አሳረፍኩበት።

ቀዝቃዛ ነው።

ምላሴ ተንሸራተተ።

አዊቲ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ትበላለች። ትስቃለች። ፖስታውን ከአልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ሦስቱም ፎቶዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ጣቶቿ አሉ። የእጅ አንጓዋ አለ። ከትከሻዋ የሚወርደው አጥንት አለ።

ከክርኗ እስከ አንጓዋ ያሉት ሁለቱ አጥንቶች የሉም።